በአፈ ታሪክ የሚታወቁ የጥንት ሰዎችን በልብ ወለድ ስለ መጻፍ

ጎንደር ያደገ ሰው ታሪክን መጀመሪያ የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጨዋታ ነው። አፄ ፋሲል ጎሽ እያሳደዱ ከዚህ መድረሳቸውን፣ ከተማው በ«ጎ» በሚጀምር ስፍራ እንዲቆረቆር አስቀድሞ ትንቢት መነገሩን፣ እኛ የምንኖርበትም መሬት የዚያ ትንቢት ፍጻሜ መሆኑን ገና ፊደል ሳንቆጥር ሰምተናል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ስለ ጥንት ሰዎች ልብ ወለድ ለመጻፍ ስንነሣ፣ የሰማነውን ጨዋታ በረዘሙና ባማሩ ዓረፍተ ነገሮች መልሶ መናገር በቂ ይመስለናል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው አፈ ታሪኩን ለማረም፣ «እውነቱ ይህ ነበር» ለማለት ይነሣሉ። ለእኔ ሁለቱም የልብ ወለድ ጸሐፊ ሥራ አይደሉም። የጸሐፊው ሥራ ያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወራበትን ቤት፣ ያወራውን ሰው፣ እንዲያወራም ያስገደደውን ነገር ማግኘት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው መንገድ በሙሉ ከዚህ አሳብ ይወጣል።

በቅድሚያ ሰውን ስትመርጡ በዝናው ብዛት አትምረጡ፤ በሕይወቱ ውስጥ ያለውን ዝምታ ፈልጉ። አፄ ባካፋን ለምሳሌ እንውሰድ። ከ1721 እስከ 1730 እንደነገሡ፣ ከቋራዋ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ማለትም ከእቴጌ ምንትዋብ፣ ኋላ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ የነገሠውን ልጅ እንደወለዱ የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ሁለቱን አቆጣጠር እየቀላቀሉ ማስታወሻ መያዝ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚያዛባ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት።) አፈ ታሪኩ ደግሞ ንጉሡ ማንነታቸውን ሰውረው በአገር ውስጥ ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ቤት እንደገቡ፣ የቤቱ ልጅ ምንትዋብም እንዳስታመመቻቸው ይናገራል። ይህን ታሪክ በጽሑፍ ካስቀሩት አንዱ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው፤ እርሱም ጎንደር የደረሰው በ1770፣ ማለትም ንጉሡ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ 40 ዓመታት ውስጥ ታሪኩን ማን ለማን ሲያወራው ቆየ? እቴጌይቱ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ከቋራ አብረዋቸው የመጡ ዘመዶቻቸውም ትልልቅ ሹመት ይዘው ኖረዋል። እንግዲህ የታመመውን መንገደኛ ታሪክ ማውራት ማንን ይጠቅም ነበር? ልብ ወለዱ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ከመረጣችሁ በኋላ ሦስት ደብተር ያዙ። በአንዱ የተጻፈውን፣ በሁለተኛው የሚወራውን፣ በሦስተኛው እናንተ የፈጠራችሁትን መዝግቡ፤ ምንም ነገር ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው በስሕተት እንዳይሻገር ተጠንቀቁ። ጥንቃቄው የበዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከስድስት ወር በኋላ አንድን ዝርዝር ነገር ከዜና መዋዕል፣ ማለትም ከነገሥታቱ የታሪክ መዝገብ፣ አንብባችሁት ይሁን ራሳችሁ አስባችሁት መለየት ሲያቅታችሁ ጥቅሙ ይገባችኋል።

የመጀመሪያውን ደብተር የሚሞላው ለጎንደር ዘመን በተለይ ዜና መዋዕል ነው። የቀዳማዊ ኢያሱን፣ ማለትም የአድያም ሰገድን፣ ሐዋርያ ክርስቶስ ጀምሮት ዘወልድ ቀጠለው፤ የባካፋን ሲኖዳ ጻፈው። እነዚህ ሰዎች በግእዝ የጻፉ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ንጉሡ የት እንደሰፈረ፣ ማንን እንደሾመና እንደሻረ፣ በየትኛው በዓል ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደዋለ በትጋት ይመዘግባሉ። ዓመቱንም በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዘመነ ዮሐንስ እያሉ ይቆጥራሉ፤ ይህ አቆጣጠር ለገጸ ባሕርያታችሁ አንደበት ከቁጥር ይልቅ የተገባ ነው። ዜና መዋዕሉን ስታነቡ አዳኝ ዱካ እንደሚመለከት ሁኑ። «ንጉሡ በዚያ ሌሊት አልተኛም» የሚል መስመር ብታገኙ፣ የማን መብራት ሲበራ እንዳደረና ማን ከደጅ ቆሞ እንደጠበቀ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛውን ደብተር ለመሙላት እግርና ጊዜ ያስፈልጋል። እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቁስቋም ውጡ፤ የምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በዚያ ይታያል። ከአባቶች ጋር ተቀመጡ፤ «አንቱ» በሉ፤ አትቸኩሉ። ዋናው ነገር የጥያቄው ዓይነት ነው። «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ «አዎን» ብቻ ሆኖበት ይመለሳል። «አባቴ፣ ይህን ከማን ሰሙት? እርሳቸውስ ሲነግሩዎ የት ተቀምጠው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ሌላ ታሪክ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመጀመሪያው የሚበልጥ ታሪክ ይዞ ይመጣል። አንዱን ታሪክ ቢያንስ ከሦስት ሰው ስሙት። በሦስቱም ሳይለወጥ የቀረው የታሪኩ አጥንት ነው፤ እርሱን አትንኩ። የተለያዩበት ቦታ ደግሞ ለእናንተ የተተወ ሜዳ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ዓይንን ማጽዳት ነው፤ ጀማሪዎች ብዙ የሚወድቁበትም ይህ ስለሆነ ጥቂት ልዘግይበት። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ከተማውን ስታዩ የምታዩት ነገር አብዛኛው በፋሲል ዘመን አልነበረም። ኮረብታዎቹን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከሥዕላችሁ ንቀሉትና በቦታው ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛና ብሳና ትከሉ። ፒያሳና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች የጣልያን ወረራ ትቷቸው የሄደ ናቸው። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥም ቢሆን በ1650 የገባ ባላገር የሚያየው የፋሲልን ግንብ ነው። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የባካፋና የምንትዋብ ግንቦች ገና አልተሠሩም፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም የቀዳማዊ ኢያሱን መንገሥ እየጠበቀች ነው። በጥምቀተ ባሕሩ አጥር ላይ ሥራቸውን ጥለው ድንጋዩን ያቀፉት ዛፎችም ቢሆኑ፣ እንዲያ ለማቀፍ ብዙ ትውልድ የፈጀባቸው ናቸውና ለግንበኞቹ ዘመን አታውሷቸው። ገጸ ባሕርያችሁ የሚኖርበትን ዓመት ከወሰናችሁ በኋላ በዚያ ዓመት ያልነበረውን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ ከምትጽፉበት ጠረጴዛ በላይ ለጥፉት። የነበረውን ከመዘርዘር ይልቅ ያልነበረውን መዘርዘር የበለጠ ይጠቅማል፤ የነበረው አያልቅም፤ ያልነበረው ግን አንድ ጊዜ ካመለጠ ገጹን ሁሉ ያበላሻል።

ወቅትም እንደ ቦታው ያታልላል። ጎንደር በመጀመሪያ የነገሥታቱ የክረምት መቀመጫ ነበረች፤ በጋው የዘመቻና የጉዞ ጊዜ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ የቤተ መንግሥት ሴራ፣ የሊቃውንት ክርክርና የሠርግ ወሬ በብዛት የሚካሄደው ዝናብ በሚወርድበት፣ ቀሃና አንገረብ ሞልተው መንገደኛ በሚከለክሉበት ወራት ነው ብላችሁ ብትነሡ ለታሪካችሁ ጭቃውን፣ የረጠበ የሱፍ በርኖስ ሽታውንና ከግቢ መውጣት የማይችሉ ሰዎችን ጭንቀት በነፃ ታገኛላችሁ።

ማዕዱን በተመለከተ ከራሴ የደረሰውን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ቅዱስ ያሬድ አንድ ረጅም ታሪክ ጽፌ ለአንድ የድጓ መምህር አነበብሁላቸው። የያሬድ አጎት አባ ጌዴዎን የኮበለለውን ልጅ ፍለጋ ከሄዱ በኋላ ደክሟቸው ሲመለሱ፣ ቀይ ወጥ በልተው ቡና ይጠጡ ነበር። መምህሩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ በርበሬውን ከየት አመጣህላቸው?» አሉኝ። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ተክል ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ሲሆን ያሬድ የኖረው በ6ኛው ነው። በቆሎም እንደዚሁ ነው፤ ድንች ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገባ። ቡና በአገሩ ቢኖርም በደጋው ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ በፋሲል ግቢ ውስጥ ጀበና መጣድ አይቻልም። ያን ገጽ ቀድጄ ስጽፈው የገብስ ቂጣ፣ ሽንብራ፣ ሰናፍጭና ጠላ ገቡበት፤ አባ ጌዴዎንም ከዚያ በኋላ የእኔን ጎረቤት መምሰል ተዉ።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ማርትሬዛ ብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታው በ1741 ስለሆነ የፋሲል ወታደር ሊቆጥረው አይችልም፤ አሞሌ ጨው፣ በወቄት የሚመዘን ወርቅና ጨርቅ ስጡት። ሰዓትን በጥላ፣ በቀትር፣ በነግህና በሠርክ ጸሎት፣ ርቀትን በቀን መንገድ ለኩ።

ወደ ጥንቱ በራቅን ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ንግሥተ ሳባን በአክሱም ሐውልቶች ሥር አቁሞ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። የንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ትልልቆቹ ሐውልቶች ግን የቆሙት ከልደት በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በመሆኑ በመካከሉ ከ1000 ዓመት በላይ አለ። የንግሥቲቱን፣ የማክዳንና የሰሎሞንን፣ የልጃቸውን የቀዳማዊ ምኒልክንም ታሪክ በሙላት የሚተርከው ክብረ ነገሥት ደግሞ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሰሎሞን ዘመን መቆምና ከሐውልቱ፣ ከዘውዱ፣ ከመስቀሉ ሁሉ መለየት ነው። ሁለተኛው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቆምና የመጽሐፉን አዘጋጅ፣ ንቡረ እድ ይስሐቅን፣ ብራናውን ዘርግቶ ስለ እርስዋ ሲጽፍ ማሳየት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ማክዳ የምናውቀውን ያህል ለምን እንድትታወቅ እንደተፈለገም እናውቃለን፤ ሰው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተአምርን ስለ መጻፍ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ያሬድ ትምህርት እምቢ ብሎት ከአጎቱ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን እየወጣ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ በሰባተኛው ሲሳካለት እንዳየ እናውቃለን። ኋላም በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ እንደተከሉት፣ ሁለቱም ሳያውቁት እንደቆዩ፣ ንጉሡ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ ሲሉትም ወደ ሰሜን ተራሮች ለምናኔ እንዲያሰናብቱት እንደለመነ ይተረካል። ይህን «በእርግጥ ጦሩ ጫማውን ብቻ ነክቶት ይሆናል» እያሉ ማሳነስ ለምእመኑም ሆነ ለታሪኩ አይጠቅምም። ተአምሩን ላዩት ሰዎች በታያቸው መጠን ጻፉት። ደሙን ከወለሉ ያጠበ ዲያቆን አለ፤ ዜማው ሳይቋረጥ ደም ማየቱን ለማን ይናገር? ከዓይነ ሥጋ በላይ የሆነውን ለመጻፍ ዓይነ ሥጋ የሆነውን አጥብቆ መያዝ ይረዳል። በዚሁ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የያሬድ ደቀ መዛሙርት በቃላት ላይ የዜማ ምልክት ሲጽፉ እንዳታሳዩ። ምልክቱን የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ሊቃውንቱ ራሳቸው ይናገራሉ። የያሬድ ተማሪ ዜማውን የሚያኖረው በጆሮውና በጉሮሮው ብቻ ነበር፤ መርሳት ማለት ማጣት ነበር። ከዚህ ፍርሃት ብቻ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል።

ታሪኩን በማን ዓይን እንደምትተርኩ የምትወስኑት ይህን ሁሉ ከሰበሰባችሁ በኋላ ይሁን። በንጉሡ ልብ ውስጥ ገብታችሁ «እኔ ባካፋ» እያላችሁ ከመጻፍ እንድትቆጠቡ እመክራለሁ። አፈ ታሪክ የሚወለደው በጥግ ቆመው ግማሹን ካዩ ሰዎች ነው፤ ስለዚህ እናንተም ከጥግ ቁሙ። ለምሳሌ ያህል የቋራውን ሕመም በዕለቱ ውኃ በቀዳች አገልጋይ አንደበት እንዲህ መጀመር ይቻላል፦

«እኔ ያየሁት እግሩን ነው። ሌሎቹ ፊቱን አየን ይላሉ፤ እኔ ግን እንስራ አዝዬ ስገባ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ከመደቡ ጫፍ የወጣውን እግሩን ብቻ አየሁ። ተረከዙ አልተሰነጠቀም። መንገደኛ ነኝ ያለ ሰው፣ ተረከዙ ሳይሰነጠቅ እንዴት ከቋራ ይደርሳል? ለእመቤቴ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን በግንባሩ ላይ አኑረው ነበርና ዝም አልሁ። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፤ ሰው ሁሉ ስለ ንጉሡ የፊት ግርማ ሲያወራ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ተረከዛቸውን ነው።»

ይህች ሴት «ተረከዙ» ብላ ጀምራ «ተረከዛቸው» ብላ ጨረሰች። ቋንቋችን በ«እሱ» እና በ«እሳቸው»፣ በ«አንተ» እና በ«አንቱ» መካከል የዘረጋው ርቀት ለታሪካዊ ልብ ወለድ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንድ ሰው ማን መሆኑ የታወቀበትን ቅጽበት በአንድ ድምፀት ለውጥ ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ማን ማንን በምን እንደሚጠራ ወስኑ። ንጉሥ «ጃንሆይ»፣ ንግሥት «እቴጌ» ትባል፤ «ግርማዊነትዎ» የሚለውን ለቅርቡ ዘመን ተዉት። በጎንደር ዘመን ሰው በክርስትና ስሙ ወለተ፣ ገብረ፣ ወልደ እየተባለ ይጠራ፤ ንጉሡም የመንግሥት ስም አለው፤ ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ባካፋ መሲህ ሰገድ ተብለዋል። ከጣልያንኛ የገቡትን ቃላት በሙሉ አስወጡ። ከባዱ ግን ምሳሌዎችን ማጽዳት ነው፤ «እንደ ባቡር ጮኸ»፣ «ልቡ እንደ ሞተር መታ» የሚለው አነጋገር ሳናስበው ይገባል። በአንጻሩ ጥንታዊ ለመምሰል ግእዝን በየመስመሩ መበተንም አንባቢን ያደክማል። ግእዝ ለጸሎት፣ ለቅኔ፣ ለአዋጅና ለሊቃውንት ሙግት ይቅር፤ ወጥ ቤቱና ከብት ጠባቂው በጠራ አማርኛ ይናገሩ። አክሱማውያንን ስትጽፉ ደግሞ አማርኛው ትርጉም መሆኑን እያሰባችሁ ዘመን የማይታወቅበት፣ የአንድ አውራጃ ለዛ ያልተጫነው ንግግር ምረጡ።

ዮዲት ጉዲትን ለመጻፍ የምትነሡ ወጣቶች ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ለእናንተ ጥቂት ልጨምር። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዲት ንግሥት በዚህ ምድር ላይ ኃይል እንደነበራት ከአገር ውጭም ምስክር አለ። ዐረባዊው የምድር ሁኔታ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል ስለ እርስዋ ጽፏል፤ በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም የእኛ ንጉሥ ወደ ኖባው ንጉሥ የላከው የጭንቅ ደብዳቤ ይነሣል። ከዚያ የቀረው ሁሉ፣ ያቃጠለቻቸው አብያተ ክርስቲያናትና የጭካኔዋ ዝርዝር፣ ከተሸነፉት ወገን አፍ የመጣ ነው፤ ወገኗን አንዳንዱ ከቤተ እስራኤል፣ አንዳንዱ ከአገው ያደርጋታል። እኛ ደግሞ ቤተ እስራኤል ለዘመናት አብረውን የኖሩባት፣ ወለቃ ከደጃፏ ያለች ከተማ ሰዎች ነን፤ በአንዲት ጥንታዊት ሴት ስም የምንጽፈው ቃል በሕያው ጎረቤት ላይ እንደሚያርፍ መዘንጋት የለብንም። በመጽሐፋችሁ ውስጥ እርስዋን የሚረግም መነኩሴ ካለ፣ እርስዋን የምትወድ ሞግዚትም ትኑር፤ ሁለቱም ያዩትን ይናገሩ፤ እናንተ በመካከል ገብታችሁ አትፍረዱ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለወዳጅ ከመስጠታችሁ በፊት ለሦስት ዓይነት ሰው አንብቡለት። አንዱ ግእዝና ዜና መዋዕል የሚያውቅ ይሁን፤ ማዕረግንና ዘመንን ያርማል። ሁለተኛው ታሪኩን የነገራችሁ ሽማግሌ ራሱ ይሁን፤ እርሱ «እንዲህ አልነበረም» ባለበት ቦታ ክርክር አትግጠሙ፤ በሁለተኛው ደብተር ጻፉት። ሦስተኛው ምንም የማያውቅ አንባቢ ይሁን፤ የት እንደሰለቸው ብቻ ጠይቁት። ጮክ ብላችሁ ማንበባችሁን አትርሱ፤ የእኛ ታሪክ በጆሮ የኖረ ነውና ዓይን ያሳለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል።

በመጽሐፉ መጨረሻም አንድ አጭር ገጽ ጨምሩ። በዚያ ገጽ ከሦስቱ ደብተሮች የትኛው የት እንደገባ በግልጽ ንገሩ፤ ንጉሡ፣ እቴጌይቱና ዓመታቱ ከተጻፈው፣ የቋራው ሕመም ከሚወራው፣ ውኃ የቀዳችው አገልጋይና ያየችው ተረከዝ ከእናንተ መሆናቸውን ጻፉ። ገጹ አንድ ይበቃዋል፤ ይቅርታ የሚጠይቅበትም አይሁን።